ገበጣ፦ ዋጋ ያለውን አነሳስ ስለ መለየት

ገበጣ በሁለት ሰዎች መካከል፣ በረድፍ በተደረደሩ ጉድጓዶች ላይ በጠጠር ወይም በደረቅ የዘር ፍሬ የሚካሄድ ጨዋታ ሲሆን፣ ዕድል የሚባል ነገር ፈጽሞ የማይገባበት፣ የተሰወረ ነገር የሌለበትና ሁለቱም ተጫዋቾች ሁሉን ነገር እኩል እያዩ የሚፎካከሩበት የስሌት ጨዋታ ነው። የጨዋታ ታሪክ አጥኚዎች ማንካላ በሚል የጋራ ስም ከሚጠሩት፣ አፍሪካንና እስያን ካዳረሰው ሰፊ ቤተሰብ የሚመደብ ሲሆን፣ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያሉት ጨዋታዎች ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ጠጠር አንስቶ በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደሉ በመሄድ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ጨዋታውን ገና የጀመረ ሰው በየተራው ከፊቱ ከሚጠብቁት አማራጮች መካከል የበለጠ ዋጋ ያለውን በምን ሊያውቅ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ይህን ጥያቄ ለማንሣት ጁባ ተስማሚ ቦታ ናት። ከሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ የሆነችው ይህች የነጭ ዓባይ ዳር ከተማ፣ የማንካላ ቤተሰብ ሦስት ዋና ዋና ቅርጾች በሚጎራበቱበት አካባቢ ትገኛለች፤ በሰሜንና በምዕራብ በኩል ሁለት ረድፍ ያላቸው ጨዋታዎች የተለመዱ ሲሆኑ፣ በምሥራቅ በኩል በኢትዮጵያና በኤርትራ ከሁለት ረድፉ ጎን ለጎን ለአፍሪካ ቀንድ ልዩ መለያ የሆነው ባለሦስት ረድፍ ገበጣ አለ፤ በደቡብ ደግሞ ከዩጋንዳ ጀምሮ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ ባለአራት ረድፉ ይነግሣል። ከጁባ ተነሥቶ 192 ኪሎ ሜትር ርቆ ኒሙሌ ድንበር ላይ በሚያበቃው መንገድ የሚመላለስ ዩጋንዳዊ ነጋዴ ኦምዌሶ የሚባለውን ጨዋታ ያውቃል፤ ዲንካዎች አዌት የሚሉት ጨዋታ አላቸው፤ በከተማዋ ሆቴልና ሱቅ ከፍተው የሚሠሩት ኢትዮጵያውያንም የየመንደራቸውን ገበጣ ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ በጁባ ሁለት ሰዎች መሬት ቆፍረው ጠጠር ሲደረድሩ ሁለቱም ጨዋታውን እናውቃለን ቢሉም የሚያውቁት አንድ ዓይነት ሕግ ላይሆን ይችላል፤ የሕጉ ልዩነት ደግሞ የአነሳሱን ዋጋ ከሥሩ ይለውጠዋል።

ልዩነቱ በኢትዮጵያ ውስጥ ራሱ ሰፊ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ አካባቢዎች እጅግ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህም አንዱ «ላም ወለደች» ይባላል። ለማስረዳት እንዲያመች እዚህ የሚወሰደው ሕግ ግን ሆን ተብሎ ቀለል የተደረገ ነው። ገበጣው በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓዶች ሲኖሩት በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ጠጠር ይገባል፤ በድምሩ 48 ማለት ነው። ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ አንስቶ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም በባላጋራው ረድፍ ዞሮ እየተመለሰ አንድ አንድ ያድላል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ባለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈ እዚያ ያለውን ሁሉ አንስቶ ይቀጥላል፤ አንድ ጉድጓድ አንስቶ አድሎ መጨረስ አንድ ዙር ይባል። በባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈ ተራው ያበቃል፤ የመጨረሻው ጠጠር ያረፈበት ጉድጓድ ልክ አራት ከሞላ ደግሞ አራቱን በልቶ፣ ማለትም ከገበጣው ላይ ወስዶ የራሱ አድርጎ፣ ተራውን ይለቃል።

ጀማሪ የአንድን አነሳስ ዋጋ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በሚበላው ጠጠር ብዛት ነው፤ የሚበላ ካላገኘም በራሱ ረድፍ ብዙ ጠጠር የሚያስቀርለትን ይመርጣል። ይህ መለኪያ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነው። የጎ ተጫዋቾች፣ ማለትም በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ለረጅም ዘመን በ19 አግድምና በ19 ቁም መስመሮች፣ በ361 መገናኛ ነጥቦች ላይ የሚካሄደውን የጥቁርና የነጭ ድንጋይ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ሌላውን ግማሽ አጥርተው ያስተምራሉ። በእነርሱ ስሌት አንድ ቦታ መያዝ ለያዡ ስድስት ነጥብ የሚያስገኝና ባላጋራው ቢቀድም ኖሮ ያገኝ የነበረውን አራት ነጥብ የሚያስቀር ከሆነ ዋጋው አሥር ነው እንጂ ስድስት አይደለም። ከዚህም በላይ ሴንቴ የሚሉት ነገር አለ፤ ባላጋራው መልስ ካልሰጠበት ከባድ ጉዳት ስለሚደርስበት ለመመለስ የሚገደድበት አጨዋወት ሲሆን፣ ይህን የተጫወተ ሰው ቦታውን አስተካክሎ ሲያበቃ ተራው እንደገና በእጁ ይገኛል። ያገኘው፣ ያስቀረውና በማን እጅ ተራው እንደሚቀር፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ካልተደመሩ ዋጋ አይታወቅም።

በገበጣ ይህ እንዴት እንደሚታይ የመጀመሪያውን አነሳስ በመመርመር ማረጋገጥ ይቻላል። ቀድሞ የሚያነሣው ተጫዋች ጉድጓዶች ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 6፣ የባላጋራው ደግሞ በዙሩ አቅጣጫ ከ7 እስከ 12 ይቆጠሩ፤ በዚህ አቆጣጠር 12ኛው ከ1ኛው ፊት ለፊት ይውላል። ሁሉም ጉድጓድ አራት ስለያዘ ከየትኛውም ቢነሣ የጉዞው ቅርጽ አንድ ነው፤ አምስት ዙር ተጉዞ፣ ምንም ሳይበላ፣ ከመነሻው ሁለት ጉድጓድ አልፎ በሚገኝ ባዶ ላይ ያርፋል። ከመነሻው ጀምሮ በቅደም ተከተል የሚቀረው 2፣ 7፣ 1፣ 6፣ 1፣ 6፣ 6፣ 6፣ 0፣ 1፣ 6፣ 6 ይሆናል። ማንም ምንም ስላልበላ በመብላት መለኪያ ስድስቱም አነሳሶች እኩል ዜሮ ናቸው። በራስ ረድፍ የሚቀረው ቢቆጠር ግን ከ3ኛው ጉድጓድ ማንሣት 28 ለ20 ስለሚያደርግ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይታያል፤ ከ6ኛው ማንሣት 21 ለ27 ስለሚያስቀር ከሁሉ የከፋ ይመስላል።

ባላጋራው በሚሰጠው መልስ ሲመዘኑ ግን ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከ3ኛው የተነሣ እንደሆነ ባላጋራው አራት የሚበላባቸው አራት የተለያዩ አነሳሶች ያገኛል፤ ከ6ኛው የተነሣ እንደሆነ ግን ሁለት ብቻ ያገኛል፤ የቀሩት አራቱ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት መንገድ ይከፍቱለታል። ለመብላት አንድ መንገድ ይበቃልና የመንገዶቹ ቁጥር ብቻውን ሁሉን ነገር አይወስንም፤ ከቁጥሩ ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው መንገዶቹ ምን ያህል ለዓይን ቅርብ እንደሆኑ ነው። ከ6ኛው ሲነሣ የሚቀሩት ሁለቱ መንገዶች አንዱ በስድስተኛው ዙር፣ ሌላው በስምንተኛው ዙር ላይ የሚያበሉ በመሆናቸው እነርሱን አስቀድሞ ለማየት የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ጀማሪ ባላጋራ ደግሞ ሰባት ጠጠር የያዘውን 7ኛውን ጉድጓድ፣ በረድፉ ትልቁ እርሱ ስለሆነ፣ ለማንሣት ይቸኩላል፤ ያም በአንድ ዙር ብቻ 2ኛው ባዶ ጉድጓድ ላይ አርፎ ያለ ፍሬ ተራውን ይጨርስበታል።

ከ1ኛው ጉድጓድ ማንሣት የሚያስከትለውን ቀረብ ብሎ ማየት የበለጠ ያስተምራል። በዚህ ጊዜ 1ኛው ጉድጓድ ሁለት ጠጠር ይዞ ይቀራል፤ በገበጣው ሁሉ ላይ ሦስት ጠጠር የያዘ አንድም ጉድጓድ የለም፤ አራት ለመሙላት አንድ የጎደለው ጉድጓድ ስለሌለም ጀማሪው አደጋ የለም ብሎ ያምናል። ነገር ግን ባላጋራው በ12ኛው ጉድጓድ ያሉትን ስድስት ጠጠሮች አንስቶ ከ1 እስከ 6 ሲያድል 1ኛው ሦስት ይሆናል፤ የመጨረሻው ጠጠር ስድስት በያዘው 6ኛው ላይ ያርፍና ሰባት ያደርገዋል፤ ሰባቱን አንስቶ ከ7 እስከ 12 አንድ አንድ ካደለ በኋላ ሰባተኛው ጠጠር 1ኛው ላይ ወድቆ አራት ይሞላዋል። ከ8ኛው እና ከ10ኛው ቢነሣም በሦስት በሦስት ዙር እዚያው 1ኛው ጉድጓድ ላይ ይበላል። ሦስቱም መንገዶች የሚያነጣጥሩት ተጫዋቹ መጀመሪያ ባነሣበት ጉድጓድ ላይ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ጀማሪ ሦስት የያዙትን ብቻ ሳይሆን ሁለት የያዙትንም ጉድጓዶች እንደ ተጋለጡ መቁጠር እንዳለበት ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዙር በላያቸው አልፎ ሦስት ሲያደርጋቸው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዙር ይሞላቸዋል። የአንድ ዙር አደጋ ለመቁጠር ቀላል ነው፤ አንድ ጉድጓድ የያዘው ጠጠር ብዛት ሦስት ከያዘው ጉድጓድ ካለው ርቀት ጋር እኩል ከሆነ መብል አለ ማለት ነው። ስምንት ዙር አስቀድሞ ለማስላት መሞከር ለጀማሪ ከንቱ ድካም ሲሆን፣ በየተራው የራሱንም የባላጋራውንም አማራጮች እስከ ሁለት ዙር ብቻ መከታተል ግን በአጭር ጊዜ ልምምድ የሚለመድ ነገር ነው። ሁለት አነሳሶች እኩል የሚያበሉ በሚሆኑበት ጊዜም የባላጋራውን ቅርብ መብል የሚያፈርሰው ይበልጣል፤ ራሱ በሚቀጥለው ተራ የሚበላበትን ሌላ መንገድ ከፍቶ የሚያልፈው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ይህኛው ከጎ ሴንቴ ጋር የሚቀራረብ ነው።

የዩጋንዳው ኦምዌሶ ይህን ሚዛን እንደገና እንዲስተካከል ያስገድዳል። በአራት ረድፍ ስምንት ስምንት ጉድጓዶችና በ64 ፍሬዎች በሚካሄደው በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ረድፍ ሲኖረው፣ የተበላው ፍሬ ከገበጣው አይወጣም፤ በልቶ የወሰደው ሰው በራሱ ረድፎች መልሶ ያድለዋል። ነጠላ ፍሬ ማንሣት ስለማይፈቀድም ሁለትና ከዚያ በላይ የያዘ ጉድጓድ ያጣ ሰው ይሸነፋል። ስለዚህ በኦምዌሶ የአነሳስ ዋጋ የሚለካው ተጫዋቹ መንቀሳቀሻ እንዲያበዛ፣ ባላጋራው ደግሞ መንቀሳቀሻ እንዲያጣ በማድረግ ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጣ ብርቱ ገበጣ ተጫዋችም የለመደውን የመብል ስሌት ብቻ ይዞ ቢቀርብ ሊሸነፍ ይችላል።

ዋጋን በትክክል መመዘን ለሊቃውንትም ቢሆን አስቸጋሪ መሆኑን ሁለት ማስረጃዎች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በሴኡል አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ኮሪያዊውን የጎ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ1 ሲያሸንፍ፣ በሁለተኛው ግጥሚያ 37ኛ ሆኖ የተጫወተው ድንጋይ በመጀመሪያ ለተንታኞች ስሕተት መስሎ ነበር። በማንካላ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ጆን ሮሜይን እና ሄንሪ ባል የተባሉ የአምስተርዳም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በ48 ፍሬ የሚካሄደውን፣ ከምዕራብ አፍሪካው ኦዋሬ ጋር የሚመሳሰለውን አዋሪ 889 ቢሊዮን ያህል ሁኔታዎች በኮምፒውተር አስልተው፣ ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ውጤቱ እኩል ለእኩል እንደሚሆን አረጋግጠዋል። ለኢትዮጵያ ገበጣ ግን የሕጉ ዓይነት ብዙ በመሆኑ አንድ መልስ ለሁሉም ሊያገለግል አይችልም።

በመሆኑም በጁባም ሆነ በሌላ ቦታ የሚገናኙ ተጫዋቾች ጠጠር ከመደርደራቸው በፊት መብል በስንት እንደሚሞላ፣ ከበሉ በኋላ ተራው ይቀጥል ወይም ይቆም እንደሆነ፣ ነጠላ ጠጠር ማንሣት ይፈቀድ እንደሆነና ጨዋታው በምን እንደሚያበቃ ሊስማሙ ይገባል። ፓንክረስት ከመዘገቡት ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ አልፏል፤ የአያቶቻቸውን መንደር ሕግ የሚያውቁ ሰዎች እነዚህን አራት መልሶች በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ፣ የመንደሩን ስም ጨምረው ጽፈው ለልጆቻቸው ቢያስቀምጡ ለገበጣ ትልቅ ውለታ ይውላሉ።