ዱላ ከማንሳታችን በፊት ጤና ኬላ እንጠይቅ



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው የቤተሰብ ዝግጅታችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆቻችንን ሥርዓት ስለማስያዝ እንነጋገራለን። «ይህ ልጅ አልሰማ አለኝ» የማይል ወላጅ የለም። ምክር የምንጠይቀው ግን ጎረቤትን ወይም ዘመድን ነው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ «ቆንጠጥ አድርገው» ከማለት አያልፍም። ልጃችንን ለክትባት ይዘን ስንሄድ ይህንኑ ጥያቄ ለጤና ባለሙያዋ የምናቀርብ ስንቶቻችን ነን?

ቀጠሮው ለመርፌ ብቻ አይደለም

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ እንዲኖር፣ የሠለጠኑ ሴቶችም ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰብን እንዲያስተምሩ ሲሠራ ቆይቷል። የክትባት ቀጠሮውን ብናስተውል ሕፃኑ እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩ ይጠራል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወሩ ተጨምሯል። የ15 ወር ልጅ ምን ያደርጋል? ይራመዳል፣ ዕቃ ይጎትታል፣ «እምቢ» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ወላጅ ምክር በሚያስፈልገው ጊዜ ከባለሙያ ፊት ይቀመጣል ማለት ነው።

በጂንካ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ ጤና ጣቢያውም ሆስፒታሉም ቅርብ ነው። በሐመር፣ በዳሰነች ወይም በኛንጋቶም ከብት ተከትሎ የሚዘዋወር ቤተሰብ ግን ባለሙያ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነውና የተገኘችውን አንዲት ቀን ሳይጠይቅ ማሳለፍ የለበትም። አማርኛ የማትችል እናትም አትፈር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከአካባቢው የሚመለመሉት በቋንቋዋ እንዲያነጋግሯት ጭምር ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪሞች ወላጆችን ያለ ዱላ ሥርዓት ስለማስያዝ እንዲመክሩ አሳስቧል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለወላጆች እንዲህ ያለ ትምህርት እንዲመቻች መክሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዱላ ልጁን ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አያስተምረውም፤ እርሱም በተራው ታናሹን መምታት ይማራል።

አልታዘዝ ብሎ ነው ወይስ ታሞ?

ተጠርቶ የማይመልስ ልጅ ጆሮው መግሎ ስለማይሰማ ሊሆን ይችላል። ይህን ልጅ በጥፊ ብንመታው የጆሮውን ታምቡር ቀድደን ጉዳቱን ልናብሰው እንችላለን። ዘወትር የሚነጫነጭ ልጅ የአንጀት ትላትል፣ የደም ማነስ፣ ረሃብ ወይም የእንቅልፍ እጦት ሊኖርበት ይችላል። የሦስት ዓመት ልጅ ሌሊት መኝታውን ማርጠቡ ደግሞ የዕድሜው ነገር እንጂ ጥፋት አይደለም። ይህን መለየት የሚችለው የጤና ባለሙያ ነው። ለመለየት ግን ስለ ልጁ ጠባይ ከእኛ መስማት አለበት።

ጨቅላ ሕፃን ሲያለቅስ ተናድዶ መነቅነቅ አንጎሉን ይጎዳዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ያለማቋረጥ የሚያለቅስ ሕፃን ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ከዱላ ይልቅ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁ መልካም ሲሠራ አይተን እናመስግነው። ሲያጠፋ ብቻ የምናየው ልጅ እንድናየው ብሎ ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ ትእዛዛችን አጭር ይሁን። ከሩቅ ከመጮኽ ቀርበንና ጎንበስ ብለን አንድ ነገር ብቻ እንንገረው።

ሦስተኛ፣ ፈተናውን እናርቅ። የጀበናውን ከሰልና ቢላዋውን ልጁ በማይደርስበት ማስቀመጥ የወላጅ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ እንዳይጎዳ እየጠበቅን ዝም እንበለው፤ የከለከልነውን ነገር ግን በለቅሶው አንስጠው።

አምስተኛ፣ አባት የከለከለውን እናት ወይም አያት አትፍቀድ። ቃላችን አንድ ይሁን።

ስድስተኛ፣ ቁጣ ሲይዘን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደመከሩት ቆመን ከሆነ እንቀመጥ።

«ሐዲሱስ?» ለሚሉ

አንዳንድ ወላጆች ሶላትን በተመለከተ የተላለፈውን ሐዲስ ለዱላቸው ማስረጃ ያደርጉታል። ሐዲሱ ግን ልጅ በሰባት ዓመቱ ሶላት እንዲታዘዝ፣ መምታትንም የሚያነሳው አሥር ሲሞላው ነው። በመካከሉ ሦስት ሙሉ ዓመታት የማስተማርና የማስታወስ ጊዜ አሉ። ዑለማዎችም ጉዳት የሚያደርስና ፊት ላይ የሚያርፍ ምት እንደማይፈቀድ አብራርተዋል። ታዲያ ገና ሰባት እንኳ ያልሞላውን የሦስት ዓመት ሕፃን በየትኛው ማስረጃ እንገርፈዋለን?

ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያደጉ ሰሓባ ናቸው። በልጅነታቸው እጃቸው በገበታው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ነቢዩ አልመቷቸውም፤ ቢስሚላህ እንዲሉ፣ በቀኝ እጃቸው እንዲበሉና ከፊታቸው እንዲያነሱ አስተማሯቸው። ዑመርም ከዚያ ወዲህ አበላላቸው እንዲያ እንደሆነ ተናግረዋል። ሦስት አጫጭር ቃላት ዕድሜ ልክ ዘለቁ፤ ተርቢያ ማለት ይህ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ልጅ አማና ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አባትም አብሮ ይሂድ። ካርዱ ተሞልቶ ከመነሳታችን በፊትም «ልጃችን እንዲህ ያደርጋል፤ ምን እናድርግ?» ብለን እንጠይቅ። አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን!