ባሮክ፣ ዘፈንና ዳንስ በአንድ መድረክ

በዓለም የኪነ ጥበብ መድረኮች አንድ የኮንሰርት ዓይነት እየተለመደ መጥቷል። የ17ኛውንና የ18ኛውን ክፍለ ዘመን መሣሪያ የያዙ ጥቂት ሙዚቀኞች ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ዘፋኙ መሃል ይቆማል፤ በዙሪያው የዛሬ ዘመን ዳንሰኞች ይንቀሳቀሳሉ። ባሮክ ሲባል ዊግ ያጠለቁ መኳንንት ብቻ ትዝ ለሚሉት የአፉላ ኢሊት አንባቢ ይህን ጥበብ ላስተዋውቀው እወዳለሁ። የቄሶችን ዜማ ሰምቶና እስክስታ መትቶ ላደገ ሰው ከሚያስበው በላይ ቅርብ ነውና።

ባሮክ በአውሮፓ ከ1600 እስከ 1750 ገደማ የዘለቀ የሙዚቃ ዘመን ነው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ያኔ ሙዚቃ፣ ዘፈንና ዳንስ አልተለያዩም ነበር። ክላውዲዮ ሞንቴቨርዲ በ1607 በጣሊያኗ ማንቱዋ ባቀረበው «ኦርፌኦ» በተባለው ኦፔራ እረኞች እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ገና በልጅነቱ፣ በ1653፣ ፀሐይን ሆኖ መድረክ ላይ ደነሰ፤ በ1661 ደግሞ የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። የባኽ የቼሎ ስዊቶች ክፍሎች አልማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ፣ ጂግ እየተባሉ በዳንስ ስም የሚጠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አድማጭ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ሙዚቃውን ብቻ የሚሰማበት ልማድ የጠነከረው ኋላ ነው። ዳንሰኛ ዛሬ ወደ ባሮክ መድረክ ሲወጣ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ እንጂ የሌላውን አልነጠቀም።

መሣሪያዎቹን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ሀርፕሲኮርድ ፒያኖ ቢመስልም አውታሩ በመዶሻ አይመታም፤ ቁልፉ ሲነካ ከላባ የተቀረጸች ትንሽ መቆንጠጫ አውታሩን ትቆነጥጠዋለች። ቴዎርቦ በጣም ረጅም አንገት ያለው፣ በጣት የሚደረደር የክር መሣሪያ ነው። የቫዮሊኑና የቪዮላ ዳ ጋምባው አውታር እንደ በገና ከአንጀት ስለሚሠራ ድምፁ ሞቅ፣ ሻከር ያለ ነው። ቅኝቱም ዝቅ ይላል። የዛሬ ኦርኬስትራ «ላ»ን በሴኮንድ 440 ንዝረት ሲቃኝ፣ የባሮክ ሙዚቀኞች አብዛኛውን ጊዜ በ415 ይቃኛሉ። ደራሲው ለአጃቢዎቹ የሚጽፍላቸው የታችኛውን ዜማና ጥቂት ቁጥሮችን ነው፤ የቀረውን እነሱ ዘፋኙን እያዩ እዚያው ይሞሉታል። ለዳንስ በሩን የሚከፍተው ይህ ነጻነት ነው፤ ዳንሰኛዋ እርምጃዋን ብታዘገይ እነሱም አብረዋት ይዘገያሉ።

ለምሳሌ የሄንሪ ፐርሰልን «ዳይዶና ኤኒያስ» እንውሰድ። ይህ ኦፔራ ለንደን ቼልሲ ውስጥ በነበረ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት በ1689 ገደማ ቀርቧል፤ ትምህርት ቤቱን ይመሩ የነበሩት ጆሳያስ ፕሪስት የዳንስ መምህር ነበሩ። መጨረሻው ላይ የካርታጎዋ ንግሥት ዳይዶ ከመሞቷ በፊት ታንጎራጉራለች። ከታች አምስት ባር (የምት ክፍል) የሚረዝም አጭር ዜማ ደረጃ በደረጃ እየወረደ 11 ጊዜ ይመላለሳል። እሱ አይለወጥም። የንግሥቲቱ ድምፅ ግን ታችኛው ዜማ የሚያልቅበትን ቦታ አልፎ ይፈስሳል፤ ሐዘኗ በልኩ አልታሰር ይላል። እዚህ ላይ ዳንሰኛዋ እግሯን ለታችኛው ዜማ፣ ክንዷንና ትከሻዋን ለዘፋኟ ድምፅ ልትሰጥ ትችላለች። በጆሮ የተሰማው ትግል ያን ጊዜ በአንድ ገላ ላይ ይታያል።

ይህንኑ ሥራ አሜሪካዊው ማርክ ሞሪስ በ1989 በዳንስ አቅርበውታል፤ ንግሥቲቱንም ጠንቋይዋንም ራሳቸው ነበሩ የደነሱት። ጀርመናዊቷ ሳሻ ዋልትዝ በ2005 ሲያቀርቡት ዳንሰኞቹ መድረክ ላይ በቆመ ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ እየዋኙ ይጀምራሉ። በ2019 ደግሞ የፓሪሱ ባስቲል ኦፔራ የዣን ፊሊፕ ራሞን «ሌዝ ኢንድ ጋላንት» ሲያሳይ፣ ኮሪዮግራፈሯ ቢንቱ ደምቤሌ የክራምፕና የሌላም የጎዳና ዳንስ ተጫዋቾችን ይዘው ወጡ። የሰፈር ወጣቶች ዳንስ በ1735 ከተጻፈ ሙዚቃ ጋር በትልቁ መድረክ ቆመ።

እኛስ ጋ? የቤተ እስራኤል ቄሶች በግዕዝ ሲያዜሙ ነጋሪትና ቃጭል ያጅቧቸዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አቋቋምም ዜማ፣ ከበሮ፣ ጽናጽልና የሰውነት እንቅስቃሴ አንድ ናቸው። የእስክስታ ምት ብዙ ጊዜ በስድስት ይቆጠራል፤ የባሮኩ ኩራንትም ስድስቱን አንዴ በሦስት በሦስት፣ አንዴ በሁለት በሁለት እየከፈለ ይጫወትበታል። እስክስታን ከዘመናዊ ዳንስ ጋር የማዋሃዱ ሥራም በእስራኤል ተጀምሯል። ሩት ኤሼል በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ «እስክስታ» የተባለውን ቡድን፣ በ2005 ደግሞ «ቤታ»ን አቋቋሙ፤ ቤታን በኋላ ኢትዮጵያ የተወለዱት ኮሪዮግራፈር ደጌ ፌደር ተረክበውታል። በባሮኩም ወገን በ1989 ዴቪድ ሼመር የመሠረቱት የኢየሩሳሌም ባሮክ ኦርኬስትራ አለ።

እንዲህ ያለ ኮንሰርት ስትገቡ መጀመሪያ ጆሯችሁን ለታችኛው ዜማ ስጡ፤ እሱን ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል። ቀጥሎ ዳንሰኛው የትኛውን ድምፅ እንደሚከተል፣ የትኛውንስ እንደሚቃወም ተመልከቱ። ቋንቋው ባይገባችሁ አትጨነቁ፤ የእንጉርጉሮ ስሜት በዜማውም ይደርሳል።

የመትናስ የባህል አዘጋጆችን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ባሮክ ሙዚቀኞችን ስትጋብዙ እስክስታ የሚችሉ የአፉላ ኢሊት ወጣቶችን ከልምምዱ ጀምሮ አስገቡ። በሚመላለስ የታችኛ ዜማ ላይ በተሠራ አጭር ቁራጭ ይጀምሩ፤ እሱን ኖታ የማያነብ ልጅም በጆሮው ይይዘዋል። ሙዚቀኞቹ ምቱን ከልጆቹ ትከሻ፣ ልጆቹም ትንፋሹን ከዘፋኙ ይማራሉ፤ ባሮክም የተሠራው እንዲህ አብሮ ለመጫወት ነው።