በምርጫው ስሙ ያልተጠራው ተጫዋች፡ ከታችኛው ሊግ እስከ ዋና አሠልጣኝነት

በአሜሪካ የወንዶች ቅርጫት ኳስ አንድ ወጣት ወደ ከፍተኛው የፕሮፌሽናል ሊግ የሚገባበት ዋነኛ በር ድራፍት በመባል የሚታወቀው ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ ነው። በየዓመቱ ከኮሌጅ ጨዋታቸውን አጠናቀው ከሚወጡት ወጣቶች መካከል በምርጫው ስማቸው የሚጠራው ጥቂቶቹ ብቻ ሲሆኑ፣ የሚበዙት ሳይጠሩ ይቀራሉ። ከማይጠሩት ውስጥም አብዛኞቹ ሙያውን ትተው ወደ ሌላ ሥራ ይሰማራሉ። ይሁን እንጂ በታችኛው ሊግ በኩል ዞረው ከፍተኛው ሊግ የደረሱ፣ የጨዋታ ዘመናቸው ሲያበቃም ቡድን እስከ መምራት የበቁ አሉ። ከእነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ስኮት ብሩክስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍተኛውን ሊግ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር በአጭር መጠሪያው ኤን.ቢ.ኤ. ይባላል። በድራፍቱ የማኅበሩ ክለቦች ተራ እየጠበቁ ከዕጩዎቹ መካከል የሚፈልጉትን ተጫዋች ይመርጣሉ። ባለፈው የውድድር ዘመን ደካማ ውጤት ያስመዘገቡ ክለቦች ቀድመው የመምረጥ ዕድል እንዲኖራቸው የሚደረገው በክለቦች መካከል ያለው አቅም ተመጣጣኝ እንዲሆን በማሰብ ነው። በ1987 በተካሄደው ምርጫ 23 ክለቦች በ7 ዙር በድምሩ 161 ተጫዋቾችን መርጠዋል። በቅድሚያ የተጠራው ዴቪድ ሮቢንሰን ሲሆን፣ ስኮቲ ፒፐን በ5ኛ፣ ሬጂ ሚለር ደግሞ በ11ኛ ደረጃ ተመርጠዋል። ብሩክስ በዚያው ዓመት ኮሌጁን ቢያጠናቅቅም በሰባቱም ዙሮች ስሙ አልተጠራም።

ለዚህ በግልጽ የሚታይ ምክንያት ነበር። የተጫዋቾች ቁመት በአብዛኛው ከ1 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ በሆነበት ሊግ የብሩክስ ቁመት 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። የተማረባቸው ተቋማትም በቅርጫት ኳስ ኃያልነታቸው ስማቸው የገነነ አልነበሩም። በ1965 በካሊፎርኒያ ግዛት የተወለደው ብሩክስ እናቱ ብቻቸውን ካሳደጓቸው ሰባት ልጆች የመጨረሻው ነው። የኮሌጅ ሕይወቱን በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ አካባቢው በመመለስ በሳን ዋኪን ዴልታ ኮሌጅ ተጫውቷል። በመጨረሻም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ቅርንጫፍ ሁለት ዓመት ያሳለፈ ሲሆን፣ በመጨረሻው ዓመት በአንድ ጨዋታ በአማካይ 23.8 ነጥብ አስቆጥሯል። መራጮቹ ይህን ውጤት የሚያውቁት ቢሆንም የቁመቱን ማነስ ሊያካክስላቸው አልቻለም።

በምርጫው ያልተጠራ ተጫዋች በሕግ ከሊጉ የታገደ አይደለም። በነፃነት ከማንኛውም ክለብ ጋር የመደራደር መብት አለው። ችግሩ ያለው አቅሙን የሚያሳይበት መድረክ በማግኘቱ ላይ ነው። በወቅቱ ይህን መድረክ ይሰጥ የነበረው ኮንቲኔንታል ባስኬትቦል አሶሴሽን ወይም በአጭሩ ሲ.ቢ.ኤ. የተባለው ሊግ ነበር። በ1946 የተመሠረተው ይህ ሊግ በአነስተኛ ከተሞች የሚገኙ ቡድኖችን ያቀፈ ሲሆን፣ ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው በሳምንት ጥቂት መቶ ዶላር ነበር። በሌላ በኩል የኤን.ቢ.ኤ. ክለቦች በጉዳት ምክንያት ተጫዋች ሲጎድልባቸው ተተኪ ይፈልጉ የነበረው በዋነኛነት ከዚሁ ሊግ ነበር። በደንቡ መሠረት አንድ ክለብ በውድድር ዘመኑ አጋማሽ አንድን ተጫዋች ለ10 ቀናት ማስፈረም ይችላል። ውሉ ለተጨማሪ 10 ቀናት አንድ ጊዜ ከታደሰ በኋላ ግን ክለቡ ተጫዋቹን እስከ ውድድር ዘመኑ ፍጻሜ ማስፈረም ወይም ማሰናበት ይኖርበታል።

ብሩክስ በ1987 መገባደጃ ላይ የተቀላቀለው የኒውዮርክ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በአልባኒ የሚገኘውን ፓትሩንስ የተባለ የሲ.ቢ.ኤ. ቡድን ነው። ቡድኑ ጨዋታዎቹን ያካሂድ የነበረው ለጦር ኃይል አገልግሎት በተሠራ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አሠልጣኙ ቢል መስልማን በጥብቅ ዲሲፕሊኑ የሚታወቅ ሲሆን፣ በእሱ መሪነት ቡድኑ በመደበኛው ውድድር 48 ጨዋታዎችን አሸንፎ በ6ቱ ብቻ በመረታት በ1988 የሊጉን ሻምፒዮንነት ተቀዳጅቷል። ከብሩክስ የቡድን ጓደኞች መካከል ሲድኒ ሎውና ሪክ ካርላይል ይገኙበታል። ሁለቱም በኋላ የኤን.ቢ.ኤ. ዋና አሠልጣኞች ለመሆን የበቁ ናቸው። ከእነሱ ቀደም ብሎም እስከ 1987 ድረስ ይህንኑ የአልባኒ ቡድን ያሠለጠነው ፊል ጃክሰን በኤን.ቢ.ኤ. 11 ጊዜ የሻምፒዮንነት ክብር ያገኘ አሠልጣኝ መሆኑ ይታወቃል። በዚህ ረገድ ታችኛው ሊግ ተጫዋችን ብቻ ሳይሆን አሠልጣኝንም የሚያፈራ ትምህርት ቤት ነበር ለማለት ይቻላል።

ከአንድ ዓመት የአልባኒ ቆይታ በኋላ ብሩክስ በ1988 በፊላደልፊያ ክለብ የሙከራ ልምምድ ተሳትፎ ቦታ አገኘ። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በሁሉም 82 ጨዋታዎች ተሰልፏል። በ1990 ወደ ሚኒሶታ ሲዛወር የጠበቀው አሠልጣኝ የአልባኒው ቢል መስልማን ነበር። ከዚያም በሂውስተን፣ በዳላስ፣ በኒውዮርክና በክሊቭላንድ ክለቦች ተጫውቶ በ1998 ከኤን.ቢ.ኤ. ሲወጣ 680 ጨዋታዎችን አድርጎ ነበር። በ1987 ከተመረጡት 161 ተጫዋቾች ውስጥ አንድም የኤን.ቢ.ኤ. ጨዋታ ሳያደርጉ የቀሩ ብዙዎች መኖራቸው ሲታሰብ ይህ አኃዝ የምርጫውን ውስንነት በግልጽ ያሳያል።

ይህም ሆኖ ብሩክስ ኮከብ ተጫዋች አልነበረም። በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው ከ5 ነጥብ አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቋሚ ኳስ አከፋፋዩ ዕረፍት ሲያስፈልገው ነበር። በ1994 ሂውስተን ኒውዮርክን 4 ለ 3 በማሸነፍ ሻምፒዮን ሲሆን ብሩክስ የቡድኑ አባል ቢሆንም፣ በፍጻሜው ውድድር የተቀያሪነቱን ቦታ በዚያው ዓመት ሊጉን የተቀላቀለው ወጣቱ ሳም ካሴል ወስዶበት ነበር። ከታችኛው ሊግ የመጣ ተጫዋች ሥጋት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ወጣት ብዙ ገንዘብ የወጣበት በመሆኑ ክለቡ በትዕግሥት ይጠብቀዋል። ያልተመረጠው ግን ቦታውን በየዓመቱ እንደ አዲስ ማስከበር ይኖርበታል።

በተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለፉት ዓመታት ግን በከንቱ የባከኑ አልነበሩም። ተቀያሪ ኳስ አከፋፋይ በሰዓቱ የሚሰለፍበት ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ ሲገባ የቡድኑን ዕቅድ ሳያዛንፍ ማስፈጸም ይጠበቅበታል። በመሆኑም ጨዋታውን ከወንበሩ ሆኖ ማጥናት፣ የአምስቱንም ተጫዋቾች ድርሻ ማወቅና የአሠልጣኙን ሐሳብ ቀድሞ መረዳት ግዴታው ነው። ይህ ከረዳት አሠልጣኝ ሥራ ብዙም የራቀ አይደለም።

ብሩክስ ወደ አሠልጣኝነት የተሸጋገረውም እንደ ተጫዋችነቱ ከታች ጀምሮ ነው። በ2000 ኤ.ቢ.ኤ. 2000 በተባለ አነስተኛ ሊግ በሎስ አንጀለስ ቡድን ውስጥ በተጫዋችነትና በረዳት አሠልጣኝነት ሠርቶ፣ ቀጥሎም በዚያው ሊግ የደቡብ ካሊፎርኒያን ቡድን በዋና አሠልጣኝነት መርቷል። በ2003 የዴንቨር ክለብ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ተመለሰ። በ2006 ወደ ሳክራሜንቶ ሲሄድ ዋና አሠልጣኙ የቀድሞ አለቃው የቢል መስልማን ልጅ ኤሪክ መስልማን ነበር። በ2007 የሲያትልን ክለብ የተቀላቀለ ሲሆን፣ ክለቡ በቀጣዩ ዓመት ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተዛወረ።

ቡድኑ በአዲሱ ከተማ የጀመረው የመጀመሪያ የውድድር ዘመን አሳዛኝ ነበር። ካደረጋቸው 13 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ በመሆኑ ኅዳር 2008 ዋና አሠልጣኙ ተሰናብቶ ቦታው በጊዜያዊነት ለብሩክስ ተሰጠ። ቡድኑ ዓመቱን በ23 ድልና በ59 ሽንፈት ቢያጠናቅቅም ኃላፊነቱ በቋሚነት ጸናለት። በተከታዩ ዓመት የድሉ ቁጥር ወደ 50 ከፍ አለ። በዚህም ብሩክስ የ2010 የኤን.ቢ.ኤ. የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተብሎ ተሸለመ።

ለውጡ የመጣው በአሠልጣኙ ብቻ አልነበረም። ክለቡ በ2007 ኬቨን ዱራንትን፣ በ2008 ራስል ዌስትብሩክን፣ በ2009 ደግሞ ጄምስ ሃርደንን በድራፍት ከአራተኛ ባልበለጠ ደረጃ መርጧል። ሦስቱም በተለያዩ ዓመታት የኤን.ቢ.ኤ. ምርጥ ተጫዋች ሽልማትን አግኝተዋል። በምርጫ ስሙ ተጠርቶ የማያውቀው ሰው በምርጫው ከፍተኛ ደረጃ የተሰጣቸውን ወጣቶች የማሳደግ ኃላፊነት ተረከበ ማለት ነው። በ2012 ቡድኑ ሳን አንቶኒዮን ከሁለት ሽንፈት በኋላ አራት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ ለፍጻሜ ሲደርስ የዱራንትና የዌስትብሩክ ዕድሜ 23፣ የሃርደን 22 ነበር። በፍጻሜው ግን በማያሚ 4 ለ 1 ተሸንፏል።

ከዚያ በኋላ ዋንጫው አልተገኘም። ክለቡ ከ2012 የፍጻሜ ውድድር ጥቂት ወራት በኋላ ሃርደንን ለሂውስተን አሳልፎ ሰጠ። በ2013 የጥሎ ማለፍ ውድድር ዌስትብሩክ ተጎዳ። በ2014/15 የውድድር ዘመን ዱራንት በጉዳት ምክንያት የተሰለፈው በ27 ጨዋታዎች ብቻ ነበር። ቡድኑ 45 ድል ቢያስመዘግብም እኩል ድል በነበረው በኒው ኦርሊንስ ተበልጦ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ሆነ። በሌላ በኩል የማጥቃት ስልቱ በሁለቱ ኮከቦች የግል ችሎታ ላይ የተመሠረተና በተጋጣሚ በቀላሉ የሚገመት ነው የሚል ትችት በአሠልጣኙ ላይ ለዓመታት ሲሰነዘር ቆይቷል። ትችቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። በመጨረሻም ብሩክስ ሚያዝያ 2015 ተሰናበተ። በኦክላሆማ ሲቲ የመራቸው መደበኛ ጨዋታዎች ውጤት 338 ድልና 207 ሽንፈት ሲሆን፣ ከአሥር ጨዋታዎች ስድስቱን ከማሸነፍ በላይ ነው።

ከ2016 እስከ 2021 የዋሽንግተን ክለብ ዋና አሠልጣኝ በመሆን ሦስት ጊዜ ለጥሎ ማለፍ ቢያደርስም ውሉ ሳይታደስ ቀርቷል። ቀጥሎ ያደረገው ስለ ሰውዬው ብዙ ይናገራል። የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተብሎ የተሸለመና ቡድን ለፍጻሜ ያደረሰ ሰው፣ በ2021 በፖርትላንድ፣ በ2024 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ሌከርስ የረዳት አሠልጣኝነትን ሥራ ተቀብሏል። በፖርትላንድ ዋና አሠልጣኝ የነበረው ቾንሲ ቢላፕስ፣ በሌከርስ ደግሞ ጄጄ ሬዲክ በሥራው አዲስ ጀማሪዎች የነበሩ ሲሆን፣ በዕድሜም ሁለቱም ከእሱ ያንሳሉ።

የብሩክስ ጉዞ ብቸኛ አይደለም። በ1988 ምርጫ ያልተጠራው ኤቭሪ ጆንሰን ከበርካታ ክለቦች ከተሰናበተ በኋላ በ1999 ሳን አንቶኒዮ ሻምፒዮን የሆነበትን ወሳኝ ግብ አስቆጥሯል። ከዚያም የዳላስ አሠልጣኝ ሆኖ በ2006 የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተብሏል። በ1996 ያልተመረጠው ዳርቪን ሃም በ2004 ከዲትሮይት ጋር የሻምፒዮንነት ክብር አግኝቶ፣ የጨዋታ ዘመኑ ሲያበቃ በታችኛው ሊግ አሠልጣኝነትን ጀምሯል። ከ2022 እስከ 2024 የሌከርስ ዋና አሠልጣኝ ነበር።

እነዚህን ሰዎች ያሳለፈው ሁለተኛ በር ራሱም ተለውጧል። ሲ.ቢ.ኤ. በገንዘብ ችግር በ2001 ሥራውን አቋርጦ እንደገና ቢቋቋምም በ2009 ፈጽሞ ፈርሷል። ኤን.ቢ.ኤ. በ2001 የራሱን የማሳደጊያ ሊግ የመሠረተ ሲሆን፣ ይህ ሊግ ከ2017 ጀምሮ ጂ ሊግ ይባላል። በዚያው ዓመት አንድ ተጫዋች በሁለቱም ሊጎች እየተመላለሰ እንዲጫወት የሚፈቅድ ውል ተግባራዊ ሆኗል። በአንጻሩ የድራፍቱ ዙሮች ቁጥር ከ1989 ጀምሮ ወደ ሁለት ዝቅ በማለቱ የሚጠሩት ከ60 አይበልጡም። የመጀመሪያው በር በጠበበ መጠን የሁለተኛው በር አስፈላጊነት እየጨመረ መጥቷል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው ማንኛውም ምርጫ በዕለቱ ሊለካ የሚችለውን ብቻ የሚለካ መሆኑን ነው። ቁመት ይለካል፤ የኮሌጅ ነጥብ ይቆጠራል። ትዕግሥት፣ የማስተዋል ችሎታና ሌላውን የማሳደግ ፍላጎት ግን የሚታወቁት በዓመታት ሥራ ነው። መራጮቹ በ1987 ስለ ብሩክስ ቁመት አልተሳሳቱም፤ ሊያዩት ያልቻሉት ሌላውን ነው። ስህተቱ ሊታረም የቻለውም ግልጽ ደንብ ያለው፣ ውጤት በየጊዜው የሚመዘንበትና ወደ ላይ የሚያሻግር ሌላ መንገድ በመኖሩ ነው። መንገዱ ለማንም ዋስትና አይሰጥም። ብሩክስንም ከመሰናበት አላዳነውም። የሚሰጠው ሥራን አሳይቶ የመመዘን ዕድል ሲሆን፣ በአንድ ምሽት ምርጫ ስማቸው ሳይጠራ ለሚቀሩት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።