ሽማግሌ፦ በወላይታ አብያተ ክርስቲያናት የአንድ መዓርግ ትርጉምና መነሻ

በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ በሚገኙ የወንጌላውያን አጥቢያዎች፣ በተለይም በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን፣ «ሽማግሌ» የሚባለው በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ሳይሆን፣ በምእመናን ተመርጦ ማኅበሩን የሚያስተዳድር፣ ትምህርቱን የሚጠብቅና የተጣሉትን የሚያስታርቅ አገልጋይ ነው፤ በወላይትኛ «ጪማ» ይሉታል።

መዓርጉ ከአይሁድ ምኩራብ ሽማግሎች የተወረሰ ሲሆን፣ በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ «ፕሬስቢቴሮስ»፣ ማለትም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ተብሏል። የሶርያ ክርስቲያኖች በዚሁ ትርጉም «ቀሺሻ» ያሉት ቃል በግእዝ «ቀሲስ»፣ በአማርኛም «ቄስ» ሆኗል። ቄስና ሽማግሌ በመነሻቸው እንዲህ ቢገናኙም፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ቄሱ በጳጳስ የሚሾም፣ ቅዳሴ የሚቀድስ ካህን ሲሆን፣ የወንጌላውያኑ ሽማግሌ የክህነት መዓርግ የለውም። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20፣ በቁጥር 17 «ሽማግሌዎች» የተባሉት የኤፌሶን ሰዎች በቁጥር 28 «ጳጳሳት» ተብለው ይገኛሉ፤ ወንጌላውያንም ሁለቱ መጠሪያዎች በመጀመሪያ የአንድ አገልግሎት ነበሩ ለማለት ይህን ይጠቅሳሉ።

መዓርጉ በወላይታ ሥር የሰደደበት ምክንያት ግን ከታሪክ የመጣ ነው። ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው የወንጌላውያን ድርጅት ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ገብተው፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር አማኞች በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. አጠመቁ። የጳውሎስ መልእክት አዲስ አማኝ በመሪነት እንዳይሾም ቢያዝም፣ በእምነት የቆየ ሰው በሌለበት አገር የመጀመሪያዎቹ ሽማግሎች ራሳቸው አዲስ አማኞች ከመሆን በቀር አማራጭ አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት 48 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከመሪዎቹም አንዱ አቶ ዋንዳሮ ታስረው ተገረፉ። ያም ሆኖ በወረራው ዘመን ማጥመቁም፣ መዳኘቱም፣ ሰባኪ መላኩም በአገሬው መሪዎች እጅ በመውደቁ፣ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚገመት ምእመን ነበር።

ዛሬም መጋቢና ወንጌላዊ በደመወዝ በሚቀጠሩባቸው አጥቢያዎች፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ የሚያገለግሉት ሽማግሎች የመጨረሻውን ውሳኔ መያዛቸው፣ ሹመቱ ከአገሩ ነባር የዕርቅ ሽምግልና ከበሬታን፣ ከወረራው ዘመን ደግሞ ሥልጣንን እንደወረሰ ያመለክታል።