በረንዳ የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በየቀኑ ከአፋችን የማይለየው «በረንዳ» የሚለው ቃል ጥንትም የአማርኛ ቃል ይመስለን ይሆናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገሩን ስመረምር ግን ቃሉ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሆኖ አገኘሁት።

ብዙዎች የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ምንጩ ፖርቱጋልኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «ቫራንዳ» ማለት መደገፊያ ያለው የቤት ሰገነት ማለት ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. ሕንድ ከደረሰ በኋላ ፖርቱጋሎች በዚያ ሰፈሩ፤ ቃሉም በሕንድ ተለመደ። እንግሊዞችም ከዚያ ወሰዱት። ትርጓሜውም ከበር ፊት ለፊት ያለ፣ ጣራ እንጂ መዝጊያ የሌለው መግቢያ ሆነ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የሕንድና የአርመን ግንበኞች በአራዳ ብዙ ቤቶችን ሠርተዋል። ባለ እንጨት በረንዳ ከሆኑት ከዚያ ዘመን ቤቶች ጥቂቶቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

አባቶቻችን ግን «ደጃፍ» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸው። ይኸውም «ደጅ» እና «አፍ» ተጋጥመው የወጣ ስለ ሆነ የደጅ አፍ ማለት ነው። ታዲያ ደጃፍ እያለን በረንዳ ለምን አስፈለገን? ልዩነቱ ጣራው ይመስለኛል። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ዝናም ይመታዋል፤ በረንዳ ላይ የቆመ ግን ይጠለላል። ስለዚህ ሱቅ የሌለው ነጋዴና ቤት የሌለው ሰው ወደ በረንዳ ተጠጉ። በመርካቶ «እህል በረንዳ» እና «በርበሬ በረንዳ» የገበያ ስፍራ መጠሪያ ሆኑ፤ በየሰፈሩም «በረንዳ አዳሪ» የሚል ስም ወጣ።

እኛም ፒያሳ በነበረው አሮጌ ቤታችን በረንዳ ነበረን። ሌሊት ሌሊት ሁለት ልጆች ያድሩበት ነበር። አያቴ ሲመሽ በረንዳውን ጠርጋ የሚያነጥፉትን ማዳበሪያ ታስቀምጥላቸዋለች፤ ጧት ጧት ከመሄዳቸው በፊት ሻይ ትሰጣቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የሰፈራችን አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የእኛም ፈረሰ። እኛ ዕቃችንን ጭነን ወደ ሌላ ቤት ገባን። ልጆቹ ያን ሌሊት የት እንዳደሩ ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። አያቴ በማግሥቱ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

እንግዲህ ስለ በረንዳ ትርጉም የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር «የቤት መግቢያ ነው» ብዬ ብቻ አላቆምም። ለባለቤቱ መግቢያ፣ ለሌላው ግን ማደሪያ ነው እለዋለሁ።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ