ለነባር ገንዳ አዲስ ዓሣ

ባለፈው የገንዳዬን ፎቶ ስለጥፍ ከደባርቅ አንዱ «ይሄ ሁሉ ውሃ ለአምስት ዓሣ? ጨምርበት እንጂ!» ብሎኛል። ዳባት ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የአንዲት ደማቅ ቀይ ዓሣ ፎቶ ልካ «ይቺን ግዛ፣ ሌላው ይቅርብህ» አለችኝ። መጨመሩንስ እኔም ሳስብበት ነበር። ግን ዓመታት በቆየ የባሕር ውሃ ገንዳ ውስጥ አዲስ ገቢ በመልኩ አይመረጥም። የሚመርጡት ቀድመው የገቡት ናቸው፤ የእኔ ድርሻ የእነሱን ጠባይ አይቶ መግዛት ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቻናሉን በቅርብ ለተቀላቀላችሁ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት አቅራቢያ ነው። ገንዳው 400 ሊትር ይይዛል፤ ውስጡ ድንጋይ፣ ነጭ አሸዋና ኮራል አለ። ውሃው የቧንቧ ነው፤ በውስጡ የሟሟው ነገር በማጣሪያ ከወጣ በኋላ በሊትር 35 ግራም ገደማ የባሕር ጨው ይበጠበጥበታል። ይህን ባነሳሁ ቁጥር «የወጥ ጨው አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮራል አካሉን የሚገነባው በካልሲየም ነው፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየምና 1,300 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዥየም አለ። ለዚህ ተብሎ የተቀመመ ጨው በባልዲ ይሸጣል፤ ውድ ነው፣ ግን መተኪያ የለውም።

ልጨምር የፈለግሁት ጀርመኖች ሊፕፊሽ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ራስ» (wrasse) ከሚሉት ወገን ነው። ከ500 በላይ ዝርያ ያለው ሰፊ ቤተሰብ ነው። ትልቁ፣ ናፖሊዮን የሚባለው፣ እስከ ሁለት ሜትር ያድጋል፤ ትንንሾቹ ከሰው ጣት አይረዝሙም። ለኮራል ገንዳ የሚወደዱት ቀኑን ሙሉ ስለሚንቀሳቀሱ ነው፤ ብዙዎቹም ኮራል አይነኩም፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ኮራልና ቀንድ አውጣ የሚያጠቁ ጥቃቅን ተባዮችን እየለቀሙ ይበላሉ። ሲመሽ ይተኛሉ። አተኛኘታቸው ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው። ከፊሎቹ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ያድራሉ። ሌሎቹ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው፣ ራሳቸው በሚያመነጩት ስስ ልጋግ ተሸፍነው ያድራሉ።

ይህ ወገን ከእናንተ አገር ከስሜን ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፣ ያገናኘው አንድ ሰው ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የዚሁ የፍራንክፈርት ልጅ ነበር፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1794 ነው። ቀይ ባሕር ላይ ዓሣ ሲሰበስብ ቆይቶ በ1831 ምፅዋ ገባ፤ በተከታዩ ዓመት ስሜንን አቋርጦ ወደ ጎንደር ወጣ። የሰበሰበው ወደዚህ፣ ወደ ሴንከንበርግ ሙዚየም መጣ። ከተመለሰ በኋላ ስለ አቢሲኒያ እንስሳት ባሳተመው ሥራ ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንስ አስተዋወቀ። በዚያው ሥራ ናፖሊዮን ዓሣንና ባለ አራት መስመሩን የቀይ ባሕር ሊፕፊሽም አስተዋውቋል። የአራቱም ሳይንሳዊ ስም በሙሉ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ያለው አንድ ነው፦ ሩፔል፣ 1835። ሳንካበር ሣር ሲነጭ የምታዩት ጭላዳና ይህ ዓሣ የአንድ ሰው መዝገብ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። ደግሞ ካርታ ላይ ለኩት፤ በቀጥታ መስመር ምፅዋ ለደባርቅ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርባል።

ስለዚህ ልቤ የቀይ ባሕር ዓሣ ቢሆን ይመርጥ ነበር። ሩፔል ያስተዋወቀው ባለ አራት መስመር ግን ከመጀመሪያውም አይታሰብም። በልጅነቱ የሌሎች ዓሦችን ገላ እየለቀመ ያጸዳል፤ ሲያድግ የሚበላው ኮራል ነው። ኮራል ለሚያሳድግ ሰው እሱን ማስገባት ፍየል ጓሮ ውስጥ እንደመልቀቅ ነው። ሁለተኛው ሐሳቤ ባለ ስምንት መስመሩ ነበር፤ ፓራኬይሊነስ ኦክቶቴኒያ ይሉታል። ከቀይ ባሕር ውጭ ለማግኘት ይከብዳል፤ ከዘጠኝ ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ወንዱ ሴት ሲያይ ክንፎቹን ሁሉ ዘርግቶ ቀለሙን በቅጽበት ያደምቃል። የአክስቴ ልጅ የላከችልኝ ፎቶ የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ኮራል አይነካም፤ የሚበላው በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። በሁሉም ነገር ይሆነኛል። ያልሆነው ከነባሮቹ ከአንዷ ጋር ነው።

ነባሮቹ እነማን ናቸው? ሁለት ክላውንፊሽ አሉ፤ የራሳቸውን ጥግ ካልነኳቸው ማንንም አይነኩም። አንድ ሐምራዊ ዘብራሶማ አለ፤ አልጌ ሲግጥ ይውላል፣ የሚቆጣው የእሱን ቅርጽ በያዘ ዓሣ ላይ ብቻ ነው። አንዲት ትንሽ ጎቢ አለች፤ ጉድጓዷ አፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አምስተኛዋ ባለ ስድስት መስመሯ ሊፕፊሽ ናት፤ የገንዳው እመቤት እሷ ናት። ቁመቷ ከሰባት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ድንጋዩን ስንጥቅ በስንጥቅ ታውቀዋለች፤ ቀኑን ሙሉ በአንዱ ገብታ በሌላው ትወጣለች። ይህ ዝርያ ብቻውን ወይም ከትልልቅ ዓሦች ጋር ሲኖር ሰላማዊ ነው። እሱን የሚያክል፣ እሱን የሚመስል፣ እሱ የሚበላውን የሚበላ ሌላ ሊፕፊሽ ሲገባበት ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። አሳዶ ጥግ ያስይዘዋል፣ ክንፉን ይቀዳድደዋል፣ ምግብ ያስከለክለዋል። ባለ ስምንት መስመሩ ለጠብ የሚበቃ ጉልበት የለውም፤ ሲያሳድዱት ወደ ላይ ይዘላል፣ ክዳን ከሌለ ወለል ላይ ነው የሚገኘው።

«እንግዲያው እሷን አውጣት» የሚል ምክር ሰምቻለሁ። ይቻላል፤ የጠርሙስ ወጥመድ አለ፣ ምግብ አስገብተው ይይዟታል፣ ሱቆችም ይቀበላሉ። እኔ አልወደድኩትም። ለዓመታት ኮራሉን ከተባይ የጠበቀች ዓሣ ናት፤ ለአዲስ ገቢ ብሎ ነባሩን ማስወጣት ምርጫውን በቅጡ ካለመሥራት የሚመጣ ነገር ይመስለኛል። የማይስማማ ይኖራል፣ ቤቱ የየራሳችን ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ተገለበጠ። የትኛው ዓሣ ያምራል ከማለት ይልቅ፣ ባለ ስድስት መስመሯ የትኛውን እንደ ባላንጣ አታየውም አልኩ። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ሲያድግ ከእሷ ተለቅ ማለት፣ በቅርጽና በቀለም አለመመሳሰል፣ መኝታዋን አለመሻማት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ቀን ላይ ገንዳው ለሁሉም ይበቃል፤ ጠቡ የሚነሳው መብራት ሊጠፋ ሲል፣ ሁሉም ወደ ስንጥቁ ሲሰበሰብ ነው። እሷ ድንጋይ ውስጥ በልጋግ ተሸፍና የምታድር ናት። አዲሱ አሸዋ ውስጥ የሚቀበር ከሆነ፣ የቀኑ ዋና ሽሚያ ቀረ ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ቢጫው ሊፕፊሽ፣ ሀሊኮይረስ ክሪሰስ፣ አለፈ። እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከባለ ስድስት መስመሯ ረዘም ይላል። መላ አካሉ ቢጫ ነው፤ እሷ ደግሞ ሐምራዊ መሬት ላይ ብርቱካንማ መስመር የተሰመረባት ናት፤ አይመሳሰሉም። ማታ አሸዋ ይገባል። ኮራል አይነካም፣ ትላትል ይለቅማል። ጉድለቱ ጥቃቅን ሽሪምፕ ሊያድን መቻሉ ነው፤ የእኔ ሽሪምፖች ትልልቆች ስለሆኑ ብዙም አልሰጋሁም። ሌላው ጉድለቱ የቀይ ባሕር አለመሆኑ ነው፤ አገሩ ወደ ምዕራብ ፓስፊክ ነው። ይህን ጉድለት የምቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ፣ ዓሦቹ ግድም የላቸው።

«ወንድ ነው ሴት?» ላላችሁኝ፣ ጥያቄው ከምታስቡት በላይ ጥሩ ነው። አብዛኞቹ ሊፕፊሾች ሴት ሆነው ያድጉና ሁኔታው ሲፈቅድ ወንድ ይሆናሉ። ሮበርትሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 አውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ ይህን በቅርብ ተከታትሎ በሳይንስ መጽሔት አውጥቶታል። አጽጂ በሚባለው ሊፕፊሽ ዘንድ አንድ ወንድ በርካታ ሴቶችን ይዞ ይኖራል፤ ወንዱ ሲጠፋ ከሴቶቹ ትልቋ በሰዓታት ውስጥ እንደ ወንድ ትሆናለች፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ደግሞ የወንድ ዘር ታመነጫለች። ጭላዳን የሚያውቅ የስሜን ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። የጭላዳም ቤተሰብ አንድ ወንድና ብዙ ሴቶች ነው፤ ወንዱ ሲሸነፍ ግን ተተኪው የሚመጣው ከውጭ ነው። ያ አዲስ ገቢ ምን ያህል ነገር እንደሚያናጋ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ጥናት አዲስ ወንድ ቤተሰቡን ሲረከብ እርጉዝ ከሆኑት ሴቶች አብዛኞቹ ጽንሳቸውን እንደሚያጡ አረጋግጧል። ለእኔ ጉዳይ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ወጣት፣ ገና ሴት የሆነች፣ ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቢጫ ሊፕፊሽ ልግዛ። ጎልማሳ ወንድ ከሆነ ግዛቱን አጥቶ የመጣ ነው፤ አዲስ ቦታ ላይ ለመደላደል ይቸገራል።

ሱቅ ውስጥ የማየው መልኳን ሳይሆን ሆዷን ነው። ከጎን ስትታይ ሆዷ ከገባ ተርባ ከርማለች። ጭንቅላቷን ደፍታ እየታገለች የምትዋኝ ከሆነ ከጥልቅ ውሃ በችኮላ ተጎትታ የአየር ከረጢቷ ተጎድቷል። አፏ ከተላጠ ከመስታወት ጋር ስትላተም ነበር። ከዚያ ሻጩን «እስኪ አብላት» እለዋለሁ። ፊቴ ካልበላች አልገዛም። ደግነቱ አብዛኞቹ ሻጮች ይህን ጥያቄ ይጠብቁታል።

ተገዝታ ስትመጣ ቀጥታ ዋናው ገንዳ አትገባም። ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፤ ገላቸው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይገድላል። የሚያድነው የመዳብ መድኃኒት ኮራልንና ሽሪምፕን ስለሚገድል ገንዳው ውስጥ አይጨመርም። ተሕዋሱ አንዴ ከገባ ዓሦቹ በሙሉ ወጥተው ገንዳው ሁለት ወር ተኩል ያህል ያለ ዓሣ መቆየት አለበት። ከዚያ ይልቅ አዲሷን ብቻ ለየት ባለ ትንሽ ገንዳ ቢያንስ አራት ሳምንት ማቆየት ይሻላል። ይህ ማቆያ (ኳራንቲን) ባዶ ገንዳ ነው፣ ይህች ዓሣ ግን ያለ አሸዋ እንቅልፍ የላትም፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ሳህን አሸዋ ሞልቼ አስቀምጬላታለሁ። አሁን ያለችው እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ጠፍታ ነበር። እነዚህ ዓሦች የሚነቁትና የሚተኙት በአገራቸው ሰዓት ነው፤ እዚያ ሲመሽ እዚህ ቀትር ላይ አሸዋ ይገባሉ፣ አንዳንዴም ለቀናት አይወጡም። ሞተች ብሎ አሸዋውን መቆፈር የብዙ ጀማሪ ፈተና ነው። መተው ነው። ረሃብ ሲጠና ትወጣለች፣ ወጥታለችም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስተዋወቁ ነው። ቀዳዳ ያለው ግልጽ ሳጥን ዋናው ገንዳ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ እሷ ውስጡ ትቀመጣለች። ባለ ስድስት መስመሯ መጥታ ታያታለች፣ ሳጥኑን ትጎነትላለች፣ ምንም ማድረግ ግን አትችልም። መጎንተሏን እስክትተው ይጠበቃል፤ ሦስት ቀንም አሥር ቀንም ሊወስድ ይችላል። አዲሷ በምትለቀቅበት ቀን ከድንጋዮቹ ጥቂቱን ቦታ አዛውራለሁ፤ ያኔ ነባሯም ሰፈሯን እንደ አዲስ መፈለግ ስለሚኖርባት ለጠብ ጊዜ አይተርፋትም። መብራት ይጠፋል፣ ምግብ በሁለት ጥግ ይበተናል፣ አዲሷም ወደ አሸዋው ትሄዳለች። የአሸዋው ውፍረት አምስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደቃቅ መሆን አለበት፣ ጠጠር ከሆነ ገላዋን ይፍቃታል።

«ይሄ ነገር ደባርቅ ላይ ይቻላል?» የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው ነበር፣ ግን ባጭሩ፦ ይቻላል፣ ይከብዳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ውሃው 25 ዲግሪ ሞቆ ጨው ሲገባበት ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ስለዚህ ገንዳው ዓሣው ጥቂት፣ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ የሚናጥ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ያለው መሆን አለበት። ጨዉን ከየት ታመጣለህ የሚለው ሌላ ጣጣ ነው።

እስከዚያው የቀረኝ ሥራ ክዳኑ ነው። መረቡ ጥሩ ነው፣ ቀዳዳው ስድስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን የፓምፑ ገመድ በሚገባበት ጥግ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሊፕፊሽ ስትደነግጥ እንደዚያ ዓይነት ክፍተት አትስትም፤ ሳጥኑ ከመሰቀሉ በፊት እሱ ይደፈናል።