ስለ ጥርስ ማደንዘዣ መድኃኒትና ስለ ልኩ

የታመመ ጥርስ ሌሊት እንቅልፍ ቀን ሥራ እንደሚነሣ የቀመሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዱሮ ወጌሻ በጉጠት ሲነቅል የበሽተኛው ድርሻ በሰው ተይዞ መጮኽ ነበር። ዛሬ አንዲት መርፌ ያን ሥቃይ ታስቀራለች። ሆኖም መድኃኒቱ ልኩ ካልታወቀ ጠቃሚነቱ ቀርቶ ጎጂ ስለሚሆን፥ ነገሩን ባጭሩ መግለጽ መልካም መስሎ ታይቶናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ. ም. ካርል ኮለር የተባለ ሐኪም ኮካይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ በቪየና አስረዳ። ወዲያውም አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ የመንጋጋን ነርቭ በዚሁ አደነዘዘ፤ ነገር ግን በራሱ ላይ ሲሞክር የመድኃኒቱ ሱሰኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኖቮካይን ተተካ፤ በ1943 ዓ. ም. ደግሞ ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን ሊዶካይን አስገኘ።

ከዚህ ጋር ጥቂት አድሬናሊን ይቀላቀላል፤ የደም ሥርን ስለሚያጠብ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም አይሰራጭም፥ ድንዛዜውም ይረዝማል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ስለ ልብ በሽታና በሽተኛው ስለሚወስዳቸው መድኃኒቶች ይጠይቃል። መርፌውን ካስገባ በኋላ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ደም አለመምጣቱን ይመለከታል፤ ከዚያም በዝግታ፥ በ1 ደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጣል። መግል በያዘ ድድ ላይ መድኃኒቱ ይደክማል፤ በዚህ ጊዜ ራቅ ብሎ ነርቩን ማደንዘዝ እንጂ እዚያው ደጋግሞ መውጋት አይጠቅምም።

ልኩ በክብደት ነው። በመቶ 2 የሆነው ሊዶካይን በ1.8 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 36 ሚሊ ግራም ይገኝበታል። ለሕፃን ወሰኑ በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ቢደረግ፥ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ88 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም፤ ይህም ሁለት ብልቃጥ ተኩል አይሞላም። ሦስተኛው ብልቃጥ ለጐልማሳ ምንም ባይሆን፥ ለዚህ ልጅ የጆሮ ጩኸት፥ መንቀጥቀጥ፥ ከዚያም የከፋ ሊያመጣ ይችላል። ነጋዴ ቡናውን ሳይመዝን እንደማይሸጥ፥ ሐኪምም ልጁን ሳያስመዝን መውጋት አይገባውም።

ወላጅም ድንዛዜው እስኪለቅ ልጁ ከንፈሩን እንዳይነክስ ይጠብቀው። አንድ መርፌና አንድ ብልቃጥ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያለዚያ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

እንግዲህ ክሊኒክ የሚያስተዳድር ሹም ሚዛን፥ ኦክሲጅንና አዲስ መርፌ መኖሩን ይመርምር፤ መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴም ጊዜው ያለፈውን አይሽጥ፥ ሣጥኑንም በፀሐይ ላይ አያሳድር። የሰው ሕይወት ከትርፍ ይበልጣልና።